መስከረም 17 ማን ሠራ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

መብራት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሄዶ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ብየዳ የለም። ልጆቹ እንጨት ሲልጉ ዋሉ። እኔን ግን መብራት ቢሄድ ምን ቸገረኝ? ካልኩሌተሬ በፀሐይ ነው የሚሠራው።

የመስከረምን የጋራ ወጪ ደመርኩ። 180,000 ብር። የሁለቱ ወርክሾፕ ኪራይ፣ የጥበቃ ደመወዝ፣ የፒክአፑ ነዳጅ፣ ኢንሹራንስ፣ የባለቤቱ የጋሽ ሰይፉ ደመወዝ፣ የኔ የሂሳብ ሠራተኛዋ ደመወዝ፣ ለወልቂጤ ልጆች ለመስቀል የሰጧቸው ሠላሳ ሺህ... ለዚህ ዴስክ ነው፣ ለዚያ በር ነው የማይባል ወጪ ሁሉ።

እዚህ ወልቂጤ ለትምህርት መምሪያው የተማሪ ዴስክ እንሠራለን። ቡታጅራ ደግሞ ለግለሰብ በርና መስኮት። የመምሪያው ውል በወጪ ነው። ያወጣነውን ይመልሳል፣ አሥር በመቶ ትርፍ ይጨምራል። ከጋራው ወጪ ግን የራሱን ድርሻ ብቻ ነው የሚከፍለው። ድርሻው በሰዓት ይለካል። ዴስክ ላይ ስንት ሰዓት ተሠራ፣ በር ላይ ስንት ሰዓት ተሠራ። የኔ ደመወዝ ራሱ እንደዚያው ይከፈላል። አንድ እግሬ ዴስክ፣ አንድ እግሬ በር።

ነገ ከነገ ወዲያ ሰዓቱን እቆጥራለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ቆጠርኩ። ወልቂጤ አሥር ሰው፣ አሥራ ሁለት ቀን፣ 960 ሰዓት። ቡታጅራ አሥር ሰው፣ ሃያ አራት ቀን፣ 1,920 ሰዓት። የመምሪያው ድርሻ ሲሶ። ስልሳ ሺህ።

ያው መስቀል ነው። ከመስከረም 12 እስከ 24 የወልቂጤው ወርክሾፕ ዝግ ነበር። ሁሉም አገሩ ገብቷል። ቡታጅራ ያሉት አሥሩም ሙስሊም ናቸው፤ የነሱ አገር መግቢያ አረፋ ነው። ከመስቀል ዕለት በቀር ሲሠሩ ነው የከረሙት።

ጋሽ ሰይፉ ወረቀቱን አዩ።

«ባሂራዬ፣ ይሄ ስልሳ ምንድን ነው?»

«የመምሪያው ድርሻ ነው ጋሼ።»

«ነሐሴ ላይ ዘጠና አምስት አልነበር?»

«ነሐሴ ላይ ወልቂጤ ወሩን ሙሉ ሠርቷል። መስከረም ግን መስቀል...»

«መስቀል ሲሆን ኪራይ ይቆማል እንዴ? አከራዬ ክትፎውንም በልቷል፣ ኪራዩንም በልቷል!»

ኪራይ እንደማይቆም አውቃለሁ። ግን በዚያ ሁለት ሳምንት ሲሠራ የነበረው ቡታጅራ ነው። የሠራው ይሸከም። ግንቦት ላይ አረፋ ሆኖ ቡታጅራ ሲዘጋ ብዙውን የተሸከመው መምሪያው አይደል? ያኔ ማንም አልጮኸም። «ሰዓቱ ልክ ነው፣ ጎበዝ» ነው የተባልኩት። ዓመቱ ሲያልቅ ይካካሳል። ይሄን ላስረዳ ስጀምር ስልካቸውን አንስተው ወጡ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ሰላም አላሉኝም። እኔም አላልኩም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ቆሜ ነው የምጽፈው። ከንዴት።

ብሩክ፣ የወልቂጤው ፎርማን፣ አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ቆመ። አይኔን አያይም።

«ምንድን ነው?»

«የመስከረም አቴንዳንስ... ተስተካክሎ ነው።»

አሥር ስም። ከ12 እስከ 24፣ ከእሑድ በቀር፣ አሥራ ሁለት ቀን። ለሁሉም ስምንት ስምንት ሰዓት ተሞልቷል። ሁሉም ፊርማ በአንድ እስክሪብቶ። መስከረም 17 ጭምር! ጉራጌ አገር፣ በመስቀል ዕለት፣ አሥር ጉራጌ ቁጭ ብሎ የመንግሥት ዴስክ ሲበይድ ዋለ! ይሄን የጻፈ ሰው ውሸት መጻፍ እንኳ አይችልም።

«ብሩክ፣ አንተ 17 የት ነበርክ?»

«ቸሃ።»

«እዚህ ግን ፈርመሃል።»

«አልፈረምኩም። ማለቴ... ይሁን ብዬ ዝም አልኩ። አለቃ ነው፣ ምን ልበል?»

«ነብዩስ?»

ነብዩም ከአሥሩ አንዱ ነው። ነብዩ በደመራው ዕለት ከአረቅጥ ደውሎ «እባክሽ ሁለት ሺህ ላኪልኝና ከደመወዜ ትቆርጫለሽ፣ ለእናቴ ጫማ ሳልገዛ ነው የገባሁት» ብሎኝ በቴሌብር ልኬለታለሁ። መልእክቱ ስልኬ ላይ አለ። በወረቀቱ ደግሞ ነብዩ በዚያው ዕለት ስምንት ሰዓት በይዷል።

ሠራሁት። 960 የውሸት ሰዓት ሲጨመር የመምሪያው ድርሻ ከሲሶ ወደ ግማሽ ያድጋል። ዘጠና ሺህ። ሠላሳ ሺህ ጭማሪ። በዚያ ላይ የ960 ሰዓት የእጅ ዋጋ፣ ሰባ ሁለት ሺህ። በዚያ ላይ አሥር በመቶ ትርፍ። ድምር 112,200 ብር፣ ላልተሠራ ሥራ። ልጆቹ ከሱ ሳንቲም አያዩም። ሰይፉ ለመስቀል የሰጣቸው ሠላሳ ሺህ ከጋራው ወጪ ውስጥ ተቆጥሯል፤ ሲሶው በሐቅ ይመለስለታል። በሐቅ የሚመጣው አልበቃውም።

ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ አንቱ አልለውም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ወረቀቱን ይዤ ቢሮው ገባሁ።

«ፈርመሽ ላኪው» አለኝ ቀና ሳይል።

«አልፈርምም ጋሼ።» (ፊት ለፊት አሁንም ጋሼ ነው። አፌ ለምዶ...)

«ማን ያውቃል? አምና ማንም አልተናገረም።»

«ማን አያውቅም? መስቀል ዕለት ወልቂጤ ማን እንደሚቀር ልጅ አዋቂው ያውቃል። እኔና ዘበኛው ነን የቀረነው።»

ሳቀ። ሳቁ ነው ያናደደኝ። ከዚያ ወንበሩን ወደኋላ ገፋ አደረገና፦

«እሺ። ቡታጅራ ይሸከም ካልሽ ይሸከም። አይችልም። ይዘጋል። ወንድምሽን አንቺው ንገሪው።»

ዑመይር፣ ታናሼ፣ የቡታጅራው ፎርማን ነው። ሁለት ልጅ አለው። ሦስተኛው ጥር ላይ ይወለዳል።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ሠራሁት። ይዋሻል ብዬ ነበር። አልዋሸም። ቡታጅራ የሚገባውን 120,000 ከተሸከመ ወሩን በ41,000 ብር ይከስራል። የአምናውን ወራትም አየሁ፤ ተመሳሳይ ነው። ቡታጅራ ራሱን ችሎ አያውቅም። ዴስኩ ነው በትርፉ ተሸክሞት የኖረው።

ይሄን ሁሉ ዓመት ሂሳብ ስሠራ እንዴት አላየሁም?

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ቡታጅራ ደርሼ መጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ አራት ሆነን በሦስት ሰው ወንበር። ተናድጄ ስለነበር ቦታ አልጠበበኝም።

ዑመይር ወርክሾፑ ውስጥ ብቻውን ነበር፤ ለአንድ ነጋዴ የውጪ በር ቀለም እየቀባ።

«ይሄን በር ስንት ሸጥከው?»

«አርባ ስምንት ሺህ።»

«እንዴት ነው የምታሰላው?»

«ብረቱ፣ ኤሌክትሮዱ፣ ቀለሙ፣ የእጅ ዋጋ። ከዚያ ላይ ትንሽ ትርፍ። ምነው፣ በእሑድ ኦዲት ነው እንዴ?»

«ኪራዩስ? የዘበኛውስ? የፒክአፑስ?»

«እሱማ ወልቂጤ ነው የሚከፍለው።»

«ወልቂጤ ማን ነው ዑመይር?»

ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረ። ወልቂጤ የሚባል ሰው የለም። ወልቂጤ ማለት ዴስክ ነው። ዴስክ ማለት መምሪያው ነው። መምሪያው ማለት ደግሞ ሦስት ሆነው አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡት ልጆች ናቸው። የነጋዴውን በር ኪራይ እነሱ ሲከፍሉለት ኖረዋል።

ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ብሩሹን ባልዲው ላይ አስቀመጠ።

«እና ፈርሚያ» አለኝ። «አንድ ፊርማ አይደል? አሥር ቤት በአንቺ ፊርማ ያድራል።»

«በሐሰት?»

«አንቺ ንጹሕ ሆነሽ ልትተኚ፣ እኔ ልጆቼን ይዤ የት ልግባ? ንገሪኛ!»

ሳልበላ ተመለስኩ። የእናቴን ቤት በር እንኳ አላንኳኳሁም። ታዝናለች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ዛሬ የምጽፈውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

«አምና ማንም አልተናገረም» ያለኝ ትዝ ብሎኝ የአምናውን የመስከረም ፋይል አወጣሁ። ዘጠኝ ሠራተኛ። አምናም አሥር ቀን ተዘግተን ነበር። አቴንዳንሱ ላይ ግን አሥሩም ቀን ሙሉ ነው። 16 ሙሉ። 17 ሙሉ። ከታች ደግሞ ቀይ ማኅተም፣ የጋሽ ሰይፉ ፊርማ፣ ከሱ ጎን...

የኔ ፊርማ። ውብ አድርጌ የፈረምኩት።

ተታልዬ ነው? አይደለም። ማንም አላታለለኝም። ድምሩን አረጋገጥኩ፣ ድምሩ ልክ ነው። በሰዓት ስንት፣ ልክ ነው። ቀኖቹን ግን አላየሁም። መስከረም 17 የሚለውን በእጄ አልፌ ድምሩ ላይ ደረስኩ። በዚያ ቀን ራሴ ባዶ ወርክሾፕ ውስጥ ብቻዬን ሻይ እየጠጣሁ እንደነበር እያወቅኩ!

ለነዚያ የውሸት ሰዓቶች መምሪያው ከፍሎናል። 78,400 ብር።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በሰይፉ ስናደድ ከረምኩ። ዛሬ ንዴቱ ወዴት ይሂድ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ሰውዬው ያለኔ ፊርማ፣ በማኅተም ብቻ፣ የመስከረሙን ላከው። መምሪያው ዛሬ መለሰው። «የሂሳብ ሠራተኛ ፊርማ ይጎድለዋል።» ሌላ ምክንያት የለም። አሥር ጉራጌ በመስቀል ዕለት መሥራቱ ማንንም አልገረመም።

ለጋሽ ሰይፉ ነገርኩት። የምፈርመው ሁለት ወረቀት ነው አልኩት። አንዱ እውነተኛው የመስከረም። ሁለተኛው የአምናውን 78,400 የሚመልስ ደብዳቤ።

«አብደሻል? የአምናውን ማን ጠየቀሽ? አንቺም እኮ ፈርመሽበታል!»

«ለዚያ ነው።»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

በዕድሜዬ እንዲህ የሳቅኩበትና የተናደድኩበት ቀን የለም።

ጠዋት እናቴ ደወለች። ድምፅዋ ይርበተበታል። «ባሂራ፣ ቶሎ ነይ፣ ሽማግሌ እየመጣ ነው!» ቡታጅራ ስደርስ ቤቱ ተጠርጓል፣ ምንጣፉ ተዘርግቷል፣ እናቴ አዲሱን ሻርፕ አድርጋለች። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ሽማግሌ ሲባል እናቴ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው።

የሠፈራችን ሽማግሌ ሐጂ ከድሮ ከሁለት ሰው ጋር ገቡ። ሰላምታው ረዘመ። እናቴ በመጋረጃው ቀዳዳ ታያለች። በመጨረሻ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፦

«እንግዲህ የመጣነው ስለ ልጃችን ስለ ባሂራ ነው። አቶ ሰይፉ ልከውን ነው። ልጅቱ... አንድ ወረቀት አልፈርምም ብላ...»

እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ «ወይኔ!» አለች። እስከ ውጪ ተሰማ።

ሽማግሌ ላከ! ለአቴንዳንስ ወረቀት! እንደ ሙሽራ ሊያስጠይቀኝ!

ሐጂ ተናገሩ። ሰይፉ እንዴት ለኮሌጅ ጊዜዬ የትራንስፖርት እንደሰጠኝ፣ ዑመይርን እንዴት ሙያ እንዳስተማረው፣ ክርስቲያን ሆኖ ለአረፋ በግ እንደሚልክልን። ሁሉም እውነት ነው። አባቴ ጨርሰው እስኪናገሩ ጠበቃቸው። ከዚያ ቀስ ብሎ፦

«ሐጂ፣ እርስዎ መስቀል ዕለት ወልቂጤ አልፈው ነበር?»

«አላለፍኩም።»

«እኔም አላለፍኩም። ግን ልጄ በዚያ ቀን ደውላልኝ ነበር። ‹አባ፣ ከተማው ጭር ብሏል፣ ዳቦ እንኳ የሚሸጥ አጣሁ› አለችኝ። አሁን ሰይፉ አሥር ሰው ሲሠራ ነበር ይላል። ታዲያ ልጄ ዋሸችኝ ልበል?»

ሐጂ ከድሮ መሬት መሬት አዩ። «እንደሱ ነው እንዴ ነገሩ? እኛ የተነገረን ፊርማ ብቻ ነው።»

«ቀኑን አልነገሯችሁም?»

«አልነገሩንም።»

ሻይ ጠጥተው ሄዱ። እናቴ እስካሁን ተቆጥታለች። በማን እንደሆነ አልነገረችኝም። ዑመይር ቤቱ ውስጥ ነበር፣ አልወጣም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ፈረመ። ጋሽ ሰይፉ ሁለቱንም። እኔ ስላሳመንኩት አይደለም። የደመወዝ ቀን ደርሶ ገንዘብ ስለጠፋ ነው። መምሪያው ካልከፈለ የወልቂጤ ልጆችም አይከፈሉም። ሲፈርም እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው። ደግሜ አተምኩት። ደግሞ ፈረመ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

የመምሪያዋ ተቆጣጣሪ መጣች። ወይዘሮ ትዕግስት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምታደርግ፣ ቶሎ ቶሎ የማትናገር ሴት።

የአምናውን ወረቀት ከፊቴ ዘረጋች።

«ይሄን የፈረምሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ቀኖቹን አይተሽ?»

«ሳላይ። ድምሩን ብቻ ነው ያየሁት።»

«መስከረም 17 ቀን የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ይሄ ወንበር ላይ። ሌላ ሰው አልነበረም።»

ጻፈች። ብዙ ጻፈች። ከዚያ ገጹን ገለበጠችና የኋላውን ማኅተም ለረጅም ጊዜ አየች። «ተመርምሮ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል» ይላል። ከሥሩ የሷ ፊርማ ነው።

«እኔ ደግሞ» አለች፣ ለኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም፣ «በዚያ ቀን ቸሃ ነበርኩ። አባቴ ቤት። መንገድ ላይ ብሩክን አግኝቼ እንኳን አደረሰህ ብዬዋለሁ። አሁን ነው ትዝ ያለኝ።»

አልሳቅንም። ምን ያስቃል?

የራሷንም ስም ሪፖርቱ ላይ አስገባች። ፊቴ ነው የጻፈችው። እውነት ለመናገር ይሄን ሳይ ንዴቴ ትንሽ በረድ አለ። ትንሽ ብቻ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ደብዳቤው መጣ። የመስከረሙ በስልሳ ሺህ ድርሻ ጸደቀ። የአምናው 78,400 ከሚቀጥለው ክፍያ ይቀነሳል። ለድርጅቱ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ከፋይሌ ጋር የሚያያዝ። አሥራ አንድ ዓመት ንጹሕ ፋይል ነበረኝ። ይገባኛል። ቢገባኝም ያቃጥላል።

ጋሽ ሰይፉ አላባረረኝም። መምሪያው ከኔ ፊርማ ውጪ አይቀበልም ብሏል። እየጠላኝ ደመወዝ ይከፍለኛል። እኔም እየጠላሁት እቀበላለሁ። ደመወዜም ይከፈላል፤ ሲሶው ለዴስክ፣ የቀረው ለምን እንደሆነ እንጃ።

ቡታጅራ በዚህ ወር 30 ይዘጋል።

ዑመይር ደወለ። «ደስ አለሽ?» ብሎ ዘጋው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

የዑመይር ሚስት ነገረችኝ። ዑመይርና ሦስት ሠራተኞች ኪራዩን በራሳቸው ስም ይዘውት ወርክሾፑን ሊቀጥሉ ነው። ጋሽ ሰይፉ የብየዳ ማሽኖቹን በብድር ሰጣቸው። ሰጣቸው ስል... በወለድ ነው፣ የሱ ነገር። ግን ሰጣቸው።

ሂሳቡን ግን ማንም አላማከረኝም። እኔ የሂሳብ ሰው አይደለሁም ለካ። ጠላት ነኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25

የቡታጅራው ሚኒባስ ሾፌር ወርክሾፑ በር ላይ ክላክስ አደረገ። «ከወንድምሽ ነው» ብሎ የታጠፈ ወረቀት ሰጥቶኝ ሄደ። ስልኩን ከዘጋብኝ አንድ ወር አልፏል።

ሰላምታ የለውም። ስሜ የለውም። በዑመይር ጠማማ ፊደል የአንድ በር ዋጋ ብቻ። ብረት፣ ኤሌክትሮድ፣ ቀለም፣ የእጅ ዋጋ። ከዚያ መስመር ዘለለና፦

ኪራይ። ዘበኛ። የማሽን ብድር። ማመላለሻ።

ከሱ በታች ደግሞ በትንሹ፦

«መስቀልና አረፋ፣ የምንዘጋበት ሃያ ቀን፣ የቀን ኪራይ 600፣ ጠቅላላ 12,000። በዓመት 80 በር። ለአንድ በር 150 ብር።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሁን አዲስ ስለቀጠረ ሠራተኞቹ ግማሾቹ ክርስቲያን ናቸው፣ ሁለቱንም በዓል ይዘጋሉ። በዓሉን በሩ ውስጥ አስገብቶታል! አሥራ አንድ ዓመት ተምሬ፣ ፈርሜ፣ ተቀጥቼ ያላሰብኩትን... አንድ በር፣ አንድ መቶ ሃምሳ ብር። ማንም ላይ ሳይጭን። ማንም ሳይፈርምለት።

ከሥሩ «ሁለት ደንበኛ ተወደደ ብሎ ሄዷል። ሦስተኛው ገዝቷል። ልክ ነው?» ይላል።

ሻይ አዘዝኩና ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ሠራሁት። ቀኖቹን ጭምር ቆጠርኩ፤ አሁን ቀን ሳልቆጥር አላልፍም። ሁሉም ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል።

እስክሪብቶ አነሳሁ። ይቅርታ ልጽፍ ፈለግኩ። ናፍቀኸኛል ልጽፍ ፈለግኩ። ግን ገና ተናድጃለሁ፣ እሱም ተናዷል።

«መብራት ረስተሃል» ብዬ ጻፍኩበት፣ ፈረምኩበት፣ ሾፌሩ ሲመለስ ሰጠሁት።